ሁለት ክረምት ባላት ደሴት የቤተ ሰብን ዕረፍት ስለ ማሰናዳት



የቤተ ሰብ ዕረፍት ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በመንገድ ላይ ሳይሆን ገና ከቤት ሳይወጡ ነው። የቤቱ ጌታ ዓመቱን ሙሉ በሥራው ተይዞ ይቈይና ሁለት ሳምንት ፈቃድ ባገኘ ጊዜ፣ የከረመ ዕዳውን በአንድ ቀን ለመክፈል እንደሚቸኵል ሰው፣ ለሚስቱም ለልጆቹም ለእናቱም ዓለምን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊያሳያቸው ይመኛል። ምኞቱ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ነገር ግን ልክ የሌለው ጕዞ እንደ ከባድ ጭነት የሚወዱትን ሰው ያደክማል። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ዓምድ ስለ አንዲት ደሴት፣ ስለ ስሪ ላንካ፣ እየተናገርን ዕረፍት እንዴት እንደሚሰናዳ ጥቂት ለማስረዳት አስበናል። ዓመታቱን የጻፍነው በአውሮጳ አቈጣጠር ነው፤ ወራቱን ግን ለአንባቢ እንዲመቹ በእኛ ስም ጠርተናቸዋል።

ስሪ ላንካ ከህንድ አገር በስተ ደቡብ ምሥራቅ በጠባብ ባሕር ተለይታ የምትገኝ ደሴት ናት። ቀድሞ ሴሎን ትባል ነበር። በ1948 ከእንግሊዝ ግዛት ነጻ ወጣች፤ በ1972 ሪፑብሊክ በሆነች ጊዜ የዛሬውን ስሟን ያዘች። ስፋቷ 65,610 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ከሰሜን ጫፍ እስከ ደቡብ ጫፍ ርዝመቷ ወደ 430 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ካርታዋን የተመለከተ ሰው ትንሽነቷን አይቶ «በአንድ ሳምንት ዞሬ እጨርሳታለሁ» ይላል። ነገር ግን በዚህች ደሴት ወደ 22 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ይኖራል፤ ብዙዎቹ መንገዶች ጠባብ ናቸው፤ በተራራውም አገር ይጠማዘዛሉ። ከኮሎምቦ እስከ ካንዲ ያለው መንገድ ወደ 115 ኪሎ ሜትር ብቻ ሲሆን በመኪና ሦስት ወይም አራት ሰዓት ይፈጃል። እንግዲህ በዚያ አገር መንገድ የሚለካው በሰዓት እንጂ በኪሎ ሜትር አይደለም።

ይህች ደሴት ለኢትዮጵያ ሰው ፈጽማ እንግዳ አይደለችም። በ6ኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ካሌብ ወደ ሒምያር ለመዝመት በሚሰናዳበት ዘመን በአዱሊስ የነበረው ኮስማስ የተባለው የእስክንድርያ ነጋዴ፣ ስለዚህች ደሴት ሲጽፍ ከህንድ፣ ከፋርስና ከኢትዮጵያ የሚመጡ መርከቦች የሚገናኙባት ታላቅ ገበያ መሆኗን ገልጿል። ከአዱሊስ ተነሥተው ወደ ምሥራቅ የሚሻገሩ መርከበኞች ነፋስን ሳይጠይቁ አይነሡም ነበር። በእኛ ክረምት የሚነፍሰው የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ይወስዳቸዋል፤ በበጋ የሚነፍሰው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ይመልሳቸዋል። ዛሬ በአውሮፕላን የምንሄድ እኛ ነፋስን መጠየቅ የቀረልን ይመስለናል፤ አልቀረልንም። የዕረፍታችንን ቀን የሚያሳምሩትና የሚያበላሹት እነዚያው ሁለት ነፋሳት ናቸውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደሴቲቱ መካከል፣ ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ፣ ትልቅ ተራራማ አገር አለ፤ ከፍተኛው ጫፍ ፒዱሩታላጋላ 2,524 ሜትር ይደርሳል። ከግንቦት እስከ መስከረም ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው ነፋስ ዝናቡን ተሸክሞ መጥቶ በዚህ ተራራ ላይ ሲሰበር፣ ኮሎምቦና የደቡብ ምዕራቡ ባሕር ዳር፣ እንዲሁም የተራራው ምዕራባዊ ወገን ይረጥባሉ፤ ባሕሩም ይናወጣል። በዚሁ ጊዜ ግን ሰሜኑና ምሥራቁ ደረቅ ነው፤ የምሥራቁም ባሕር ጸጥ ይላል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ደግሞ ነፋሱ ተመልሶ ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ዝናቡ የምሥራቁ፣ ፀሐዩ የደቡብ ምዕራቡ ይሆናል። በመካከል ያሉት መጋቢትና ሚያዝያ፣ ጥቅምትና ኅዳር፣ ከቀትር በኋላ መብረቅና ነጐድጓድ የሚበዛባቸው ወራት ናቸው፤ ይልቁንም በጥቅምትና በኅዳር ዝናቡ ደሴቲቱን ሁሉ ሊያዳርስ፣ ከቤንጋል ባሕርም ብርቱ ዐውሎ ነፋስ ሊነሣ ይችላል።

ከካንዲ ወደ ምሥራቅ የሚሄደው የምድር ባቡር ይህን ነገር ለዐይን ያሳያል። ሐዲዱ ፓቲፖላ ከሚባለው ጣቢያ አጠገብ ከ1,890 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ በክረምት ከዚያ ወዲህ ባለው ወገን ዝናብና ጉም ሳለ፣ ከዚያ ወዲያ ባለው ወገን ፀሐይ የሚወጣበት ቀን አለ። ስለዚህ «የስሪ ላንካ ክረምት መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ በቂ አይደለም። ትክክለኛው ጥያቄ «እኛ በምንሄድበት ወር ክረምቱ ያለው በየትኛው ወገን ነው?» የሚለው ነው።

ለእኛ ቤተ ሰቦች ይህ ዕውቀት ታላቅ ጥቅም አለው። ልጆቻችን ከትምህርት ቤት የሚያርፉት በሐምሌና በነሐሴ ነው። ስለ ደሴቲቱ በወሬ ብቻ የሰማ ሰው በዚህ ጊዜ «እዚያ ክረምት ነው፤ አይኬድም» ይላል፤ ወይም ሳይጠይቅ ሄዶ፣ በሥዕል ያያቸው የደቡብ ምዕራብ ባሕር ዳሮች በማዕበል ተመትተው ያገኛቸዋል። የጠየቀ ሰው ግን በዚሁ ወር ወደ ሰሜን መካከለኛውና ወደ ምሥራቁ ወገን ይሄዳል፤ ዝሆኖቹም፣ የጥንቶቹ ከተሞችም፣ ጸጥ ያለውም ባሕር ያሉት በዚያ ነው። በጥር የሚያርፍ ቤተ ሰብ ደግሞ አቅጣጫውን ገልብጦ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይሄዳል።

ወሩና ወገኑ ከታወቀ በኋላ ሁለተኛው ነገር ምክር ነው። በችሎት የሁለቱም ወገን ቃል ሳይሰማ ፍርድ አይሰጥም፤ በብዙ ቤት ግን የዕረፍት ፍርድ የሚሰጠው የአንድ ሰው ቃል ብቻ ተሰምቶ ነው። የቤቱ ጌታ ትእዛዝ እንደሚያስተላልፍ ሁሉ «በዚህ ቀን እንነሣለን፤ እዚህ እናድራለን» ይላል። እመቤቲቱ በሄደችበት ሁሉ የልጆችን ልብስና ምግብ ስታስብ ዕረፍቷ ከቤት ሥራዋ የማይለይ ይሆንባታል፤ እናቲቱ «ለልጄ ሸክም አልሁን» ብላ የጕልበቷን ሕመም ትደብቃለች፤ ትንሹ ልጅም በመኪና ውስጥ ሦስት ሰዓት መቀመጥ የማይችል መሆኑን የሚነግር አፍ የለውም። ስለዚህ ካርታው በማዕድ ላይ ተዘርግቶ እያንዳንዱ አንድ ነገር ብቻ ይምረጥ፤ የጕዞውም ፍጥነት የሚወሰነው ከሁሉ በሚዘገየው ሰው አቅም ይሁን። ጠንካራው ደካማውን ቢጠብቅ የሚጐዳው ጥቂት ነው፤ ደካማው ጠንካራውን ሲከተል ግን ይታመማል፤ የታመመ ሰው ያለበት ቤተ ሰብም ዕረፍት የለውም።

ለምሳሌ ባልና ሚስት፣ የባል እናትና ሦስት ልጆች በሐምሌ ወይም በነሐሴ 14 ሌሊት የሚያሳልፉበትን አሳብ እናቅርብ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሌሊቶች በኔጎምቦ ይሁኑ። ይህች የዓሣ አጥማጆች ከተማ ለአውሮፕላኑ ማረፊያ ቅርብ ናት። በዚያ ወገን ዝናብ ሊዘንብ ይችላል፤ አይጐዳም፤ ሥራው እንቅልፍ ነውና። ሰዓታቸው ከአዲስ አበባ በሁለት ሰዓት ተኩል የሚቀድም ሲሆን አቈጣጠሩም እንደ ፈረንጅ ነው፤ ከነጂውም ሆነ ከሆቴሉ ጋር ቀጠሮ ሲደረግ ይህ አይረሳ።

ከዚያ በኋላ አራት ሌሊት በሲጊሪያ አቅራቢያ ይታደር። ሲጊሪያ ከሜዳው ላይ ወደ 200 ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ የተነሣ ዐለት ሲሆን፣ ከ477 እስከ 495 የገዛው ንጉሥ ካሽያፓ በራሱ ላይ ቤተ መንግሥት ሠርቶበታል። በዐለቱ ገጽ የተሣሉ ሴቶች ሥዕል እስካሁን ይታያል፤ ከጫፉ በታች ባለው መግቢያም ከድንጋይና ከጡብ የተሠሩ ትልልቅ የአንበሳ እግሮች አሉ። ወደ ላይ የሚያደርሰው ደረጃ ወደ 1,200 ይጠጋል። ሳይሞቅ፣ በሩ በሚከፈትበት ሰዓት መጀመር ይገባል። በዐለቱ ላይ የተናዳፊ ንብ ቀፎ ስላለ ልጆች እንዳይጮኹ አስቀድሞ ይነገራቸው። አያት ግን መውጣት የለባቸውም፤ ከታች ያለው የውኃ አትክልት ስፍራ ራሱ ብዙ የሚታይ ነገር አለው፤ ከልጆቹም አንዱ በተራ ከእርሳቸው ጋር ይቅር።

በነዚሁ አራት ቀኖች አንዱ ቀን ለአኑራዳፑራ ወይም ለፖሎናሩዋ ይሁን፤ ለሁለቱም አይሁን። አኑራዳፑራ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የነገሥታት መናገሻ የነበረች ናት። የህንዱ ንጉሥ የአሾካ ልጅ ሳንጋሚታ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት እንዳመጣችው የሚነገርለት የቦዲ ዛፍ እስከ ዛሬ በዚያ አለ፤ ሕዝቡም ነጭ ለብሶ አበባ ይዞ ይሳለመዋል። ፖሎናሩዋ ደግሞ በ12ኛው መቶ ዓመት የገዛው ቀዳማዊ ፓራክራማባሁ ያስፋፋት ከተማ ናት፤ ይህ ንጉሥ ያስቈፈረው ታላቅ ሐይቅ ዛሬም እርሻን ያጠጣል። ታሪክ የሚወድ ሽማግሌ ያለበት ቤት የመጀመሪያይቱን፣ ልጆች ያሉበት ቤት ፍርስራሾቿ የተቀራረቡትን ሁለተኛይቱን ቢመርጥ ይሻላል።

አንድ ከቀትር በኋላ ለሚኔሪያ ይቀመጥ። በሐምሌና በነሐሴ፣ እስከ መስከረምም፣ ሌላው ስፍራ ሲደርቅ የዱር ዝሆኖች ሣር ፍለጋ ወደ ሚኔሪያ ሐይቅ ዳር ይሰበሰባሉ፤ በመልካም ዓመት በመቶ የሚቈጠሩ ይታያሉ። ውኃው በጣም በሞላበት ዓመት ግን ሣሩ ይሸፈንና ቍጥራቸው ያንሳል፤ ወደ ሌላ ጫካ ይሄዳሉ፤ ነጂውም የት እንዳሉ ያውቃል። ግልገሏን በእግሮቿ መካከል አድርጋ የምትሄድ ዝሆን ያየ ልጅ፣ ሰንሰለት በእግሩ የታሰረ ዝሆን ላይ ካልተቀመጥሁ ብሎ አያለቅስም።

አራተኛው ቀን ባዶ ይሁን። ይህ ቃል ለብዙዎች እንግዳ ነው። «ይህን ያህል ገንዘብ ከፍዬ ባዶ ቀን?» የሚል አለ። ነገር ግን ልብስ የሚታጠበው፣ ልጅ የሚዋኘው፣ እናት ከልጇ ጋር የሚጨዋወቱት በዚያ ቀን ነው። ሰውየው ከእናቱ ጋር ሳይቸኵል ከተነጋገረ ስንት ጊዜው እንደ ሆነ ያስብ፤ ከዚህ በኋላም ስንት እንዲህ ያለ ቀን እንደሚቀራቸው ያስብ። እንዲህ ካሰበ፣ ሰባት ፍርስራሽ ከማየት ይህ ቀን የሚበልጥ መሆኑን ሳንነግረው ያውቀዋል።

ቀጥሎ አራት ሌሊት በምሥራቁ ባሕር ዳር፣ በትሪንኮማሊ አጠገብ ባለችው በኒላቬሊ ይታደር። ሕፃናት ያሉት ሰው ደግሞ ከዚያ በስተ ደቡብ ያለችውን ፓሲኩዳን ይምረጥ፤ በዚያ ውኃው እስከ ሩቅ ድረስ ጥልቀት የለውም። በትሪንኮማሊ ከባሕሩ በላይ ባለው ዐለት ላይ የኮኔስዋራም የሒንዱ መቅደስ አለ። በዚህ ወገን ሲኬድ የሕዝቡ ሐዘን ይታወስ። ከ1983 እስከ 2009 የቈየው የእርስ በርስ ጦርነት ይልቁን ሰሜኑንና ምሥራቁን ጐድቷል፤ ታኅሣሥ 26 ቀን 2004 በፈረንጅ ወር የተነሣው የባሕር ጐርፍም በደሴቲቱ ከ30,000 የሚበልጥ ሰው ገድሏል። ስለዚህ እንግዳ በደስታው ጊዜ ስለ ጦርነቱ የሚያቈስል ጥያቄ አይጠይቅ፤ ሰዎቹ ራሳቸው ከተናገሩ ግን በትዕግሥት ይስማ። ለልጆችም አንድ ነገር ይማሩ፤ ባሕር ድንገት ከዳር ወደ ኋላ ከሸሸ ወይም ምድር ብርቱ ሆና ከተናወጠች፣ ዕቃ ሳያነሡ ወደ ከፍታ መሮጥ ይገባል።

ከዚያም ሦስት ሌሊት በካንዲ። ካንዲ በ1815 በእንግሊዞች እጅ እስክትወድቅ ድረስ የመጨረሻዋ የደሴቲቱ ነጋሢ ከተማ ነበረች፤ የቡድሃ ጥርስ ነው ተብሎ የሚከበረው ቅርስ ያለው በዚያ ነው። በየዓመቱ በሐምሌ ወይም በነሐሴ፣ በጨረቃ አቈጣጠር፣ ኤሳላ ፔራሄራ የሚባለው ታላቅ በዓል ይደረጋል። በሌሊት ከበሮ መቺዎች፣ ችቦ ያዦች፣ ዘፋኞችና ልብሰ መንግሥት የመሰለ ያጌጠ ልብስ የለበሱ ዝሆኖች በከተማይቱ ይዞራሉ። ቀኑ በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ የአውሮፕላን ቲኬት ሳይገዛ በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በዚያ ሰሞን ማደሪያ ይሞላል፤ ዋጋውም ይወደዳል። አያት ያሉበት ቤተ ሰብ አስቀድሞ መቀመጫ ካልያዘ በዚያ ግፊያ ውስጥ አይግባ። የመጨረሻው አንድ ሌሊት ወደ አውሮፕላኑ ማረፊያ ቀርቦ ይታደር፤ ለመመለሻ ቀን ረጅም መንገድ ማስቀረት ብልህነት አይደለም።

አንባቢ በዚህ አሳብ ውስጥ የቀረ ነገር እንዳለ ያስተውላል። የሻይ ተክል የተሸፈኑት ተራሮች፣ ኤላ የምትባለዋ ከተማ፣ በ1921 የተሠራው ባለ ዘጠኝ ቅስት የባቡር ድልድይ፣ ይህ ሁሉ ውብ ነው፤ እኛ ግን ትተነዋል። ከካንዲ እስከ ኤላ ባቡሩ ስድስት ወይም ሰባት ሰዓት ይሄዳል። ልጆቹ ያደጉለት ሰው ይህን ቢመርጥ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሌሊቱን ከባሕሩ ወይም ከዐለቱ ቀንሶ እንጂ ከባዶው ቀን ቀንሶ አይውሰድ። ብርቱ ዝናብ በሚጥልበት ጊዜ የመሬት መንሸራተት ሐዲዱን ስለሚቈርጠውም፣ ባቡሩ እየሠራ መሆኑን አስቀድሞ ይጠይቅ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደ ተባለው፣ ሁሉን ሊያይ የሮጠ ሰው ያየውን ሁሉ ያምታታል። አንድ ውብ ነገር ለሌላ ጊዜ መተው የዕቅድ ጥበብ ነው።

በጥር የሚሄድ ቤተ ሰብ ግን ይህን መንገድ ሊወስድ ይችላል። ከኔጎምቦ ወደ ካንዲ፣ ከካንዲ በባቡር ወደ ኤላ፣ ከኤላ ወደ ደቡቡ ባሕር ዳር ወደ ሚሪሳና ወደ ጎል ይውረድ። በዚያ ወር በሚሪሳ ፊት ባለው ባሕር ታላላቅ ዓሣ ነባሪዎች ይታያሉ። በጎል ፖርቱጋሎች የጀመሩት፣ በ17ኛው መቶ ዓመት ሆላንዶች ያጠነከሩት ምሽግ አለ፤ አያትም ሆኑ ሕፃን በቅጥሩ ላይ ማታ ማታ ሳይደክሙ ሊዘዋወሩ ይችላሉ።

አሁን ስለ ወረቀትና ስለ ጤና እንናገር። መግቢያ ፈቃድ ከመነሣት በፊት መገኘት አለበት፤ ደንቡም ዋጋውም ስለሚለዋወጥ ከደሴቲቱ መንግሥት ጽሕፈት ቤት በቀጥታ መጠየቅ እንጂ ባለፈው ዓመት የሄደ ሰውን ቃል መያዝ አይገባም። የቢጫ ወባ በሽታ ካለባቸው አገሮች የሚመጣ ሰው፣ ዕድሜው ከ9 ወር በላይ የሆነ ሕፃንም ቢሆን፣ የክትባት ምስክር ወረቀት ይጠየቃል፤ አገራችንም ከነዚህ ውስጥ ናት። ክትባቱ ከመድረስ ቢያንስ 10 ቀን በፊት መሰጠት ስላለበት ለመጨረሻው ሳምንት አይተው። ወባን በሚመለከት ግን መልካም ወሬ አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ስሪ ላንካ ከወባ ነጻ መሆኗን አረጋግጧል። የቀረው ደንጊ የሚባለው ትኵሳት ነው። ይህን የምታስተላልፈው ትንኝ በቀን የምትነክስ ናት፤ ስለዚህ የሌሊት አጐበር ብቻውን አይበቃም፤ ልጆች በቀንም እጅና እግር የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ። ትኵሳት የያዘው ሰው ሐኪም ሳይጠይቅ አስፕሪን አይዋጥ። የአረጋውያን መድኃኒት በትልቁ ሻንጣ ሳይሆን በእጅ በሚያዘው ቦርሳ ይቀመጥ።

ስለ ምግብ እመቤቶች እንዳይጨነቁ እንመክራለን። የደሴቲቱ ሰው እንደ እኛው በቀኝ እጁ ይበላል፤ ዋና ምግቡ ሩዝና ልዩ ልዩ ወጥ ነው። አፓ የሚሉት ምግብ የሩዝ ዱቄትና የኮኮ ወተት ተቦክቶ ካደረ በኋላ በጎድጓዳ ምጣድ የሚጋገር ስስ ቂጣ ነው፤ ከእንጀራ የተለየ ልጅ በቶሎ ይወደዋል። ወጣቸው በኮኮ ወተት ስለሚሠራ ለጾመኛ የሚመች አትክልት አይጠፋም። ነገር ግን በብዙ ነገር ላይ የተፈጨ ደረቅ ዓሣ ይነሰነሳልና ከዓሣም የሚጾም ሰው አስቀድሞ ይጠይቅ። በርበሬያቸው የእኛን አይፈራም፤ ለሕፃናት ያለ በርበሬ ማዘዝ ያስፈልጋል።

ቡና ለለመዱ እናት ግን ቡናቸው ተቈልቶና ተወቅጦ ከቤት ይያዝ። ደሴቲቱ ቀድሞ ከኢትዮጵያ ምድር የተገኘውን ቡና በብዛት የምታመርት ነበረች፤ በ1869 የታየው የቅጠል ዝገት በሽታ ግን በሃያ ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ እርሻውን አጠፋው። ጄምስ ቴይለር የተባለው ስኮትላንዳዊ በ1867 በሉሌኮንዴራ የተከለው ሻይ በቡናው ስፍራ ተተካ፤ ዛሬ ተራሮቹን ያለበሰው ይኸው ሻይ ነው። ስለዚህ እንግዳ የሚቀበሉት በሻይ ነው፤ እርሱም እጅግ መልካም ነው።

ስለ መንገድም፦ በዚያ አገር መኪና የሚነዳው በግራ ስለ ሆነ፣ ለማያውቅ ሰው መኪና ከነነጂው መከራየት ይሻላል። ዋጋው፣ የነጂው ማደሪያና ምግብ፣ የነዳጁም ነገር በጽሑፍ ይዋዋሉ። ለአጭር መንገድ እኛ ባጃጅ የምንለው ባለ ሦስት እግር መኪና በየስፍራው አለ፤ ከመሳፈር በፊት በዋጋ መስማማት ይገባል። በታሪካውያን ስፍራዎች ለውጭ አገር ሰው የሚጠየቀው የመግቢያ ዋጋ ከአገሬው በብዙ ይበልጣል፤ ለስድስት ሰው ሲሆን ትልቅ ገንዘብ ነውና አስቀድሞ ይቈጠር።

ስለ ጠባይ ጥቂት ቃል እንጨምር። በመቅደስ በር ጫማና ባርኔጣ ይወልቃል፤ ትከሻና ጕልበት ይሸፈናል፤ ይህ ለእኛ ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም። ለቡድሃ ሐውልት ጀርባን ሰጥቶ ፎቶግራፍ መነሣት ግን እንደ ስድብ ይቈጠራል፤ ለልጆች ይነገራቸው። በየወሩ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ቀን፣ ፖያ በሚባለው፣ ሥራ ይዘጋል፤ መጠጥም አይሸጥም፤ ቀኑን በካርታው ላይ ምልክት ማድረግ ይጠቅማል። ሲንሃላዎቹ እጃቸውን ገጥመው «አዩቦዋን» ይላሉ፤ ዕድሜህ ይርዘም ማለት ነው። ታሚሎቹ «ቫናካም» ይላሉ። እነዚህን ሁለት ቃላት የያዘ ልጅ በሄደበት ሁሉ ፈገግታ ይቀበለዋል።

በመጨረሻ ለቤቱ ጌታ አንድ ምክር አለን። አሳቡ ሁሉ በአንድ ገጽ ወረቀት ይጻፍ፤ ወሩና ወገኑ፣ የሚታደርባቸው ስፍራዎች፣ የተተዉት ነገሮችና ባዶዎቹ ቀኖች። በአንድ ገጽ ካልበቃ ገጽ አይጨመር፤ ከጕዞው ይቀነስ። ያ ወረቀት ለእመቤቲቱም ለእናቲቱም ለታላቁ ልጅም ይነበብና እያንዳንዱ ከፈቀደ በኋላ ማደሪያው ይያዝ። ከመሥሪያ ቤቱ የሚመጣውን ስልክ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚመልስበትን ሰዓትም በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፈው፤ ለሚተካውም ሰው ጕዳዩን ሁሉ አስረክቦ ይሂድ። ፈቃዱን የሰጠው መሥሪያ ቤት ቢሆንም ቀኖቹ የቤተ ሰቡ ናቸው፤ ልጅ ካደገ፣ እናትም ካረጁ በኋላ እነዚያን ቀኖች ሊመልስለት የሚችል አለቃ የለም።

ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል። ለሚሄዱት ሁሉ መልካም ዕረፍትና በሰላም መመለስን እንመኝላቸዋለን።